የቅርብ ሰው ስልክ

ረይሀናን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «ፎርም እሠራለሁ» ትላለች። ጠያቂው ማተሚያ ቤት ይመስለውና «አሃ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። እሷም አታርመውም። የምትሠራው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰው ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውን ሞልቶ «መዝግብ» የሚለውን የሚጫንባቸው ገጾች አሉ አይደል? እነሱን ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ማን ሠራው ብሎ የሚያስብ የለም፤ ሞልቶ ያልፋል። ይህም ለረይሀና ጠባይ የተስማማ ነበር።

የተወለደችው እሪ በከንቱ ነው። አባቷ ከወሎ መጥቶ ከፒያሳ ሱቆች ጀርባ ሱሪ ሲያሳጥርና ኮት ሲገለብጥ የኖረ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሞተ። ታላቅ ወንድሟ ዑዘይር ኮምቦልቻ ሄዶ አገባ፣ ወለደ፣ እዚያው ቀረ። እናቷ በኩላሊት ስትማቅቅ ያስታመመቻት ረይሀና ናት። በነዚያ ዓመታት ሽማግሌ የላኩ ነበሩ፤ «እናቴ ትዳንልኝና» እያለች መለሰቻቸው። እናቷም ሳትድን ሞተች፣ ረይሀናም ሠላሳ አምስትን ተሻገረች፣ ሽማግሌ የሚልከውም ጠፋ።

እናቷን በቀበረች በዓመቱ ሰፈሩ ፈረሰ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ ወደ ገላንና ወደ ለሚ ሄደ። ሲለያዩ ያልተላቀሰ አልነበረም፤ «እንጠያየቃለን» ያላለም አልነበረም። ግን ገላን ሩቅ ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ አንዳንዴ ሦስት። እነ ረይሀና ተከራዮች ስለነበሩ ምትክ ቤት አልደረሳትም። ከተረፉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ አንዲት ክፍል ተከራየች። ድሮ በረመዳን ከመግሪብ በፊት ከየቤቱ ሳምቡሳና ሾርባ በሳህን ተሸፍኖ የሚላላክበት ደጅ ጠፋ። የዚያን ዓመት ፆሟን በቴምርና በውሃ ቢሮዋ ውስጥ ስታፈጥር ከረመች።

ቢሮው ምኒልክ አደባባይን ወደ ታች በሚያይ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ፊልሞን ይባላል፤ በዕድሜ ከሷ ትንሽ ያንሳል፤ አፉ የማያርፍ የአራዳ ልጅ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ አምስት ነበሩ። በኋላ ፊልሞን «ሥራው ይምጣ እንጂ ሰውየው ባይመጣ ግድ የለኝም» ብሎ ከቤት መሥራት ሲፈቅድ፣ ራሱም ሳይቀር ሁሉም ላፕቶፑን አቅፎ ሄደ። ረይሀና ብቻ ቀረች። ጠዋት ትከፍታለች፣ አመሻሽ ላይ ትዘጋለች። ቢሮው ተመችቷት አልነበረም፤ ቤቷ ከዚያም የባሰ ጸጥ የሚል ስለሆነ ነው። እዚህ ቢያንስ መስኮቱ ላይ ስትቆም ከባቡር ጣቢያው እየወጣ የሚበተነው ሰው ይታያታል።

በዚያን ሰሞን የያዙት ሥራ የአንድ የግል ክሊኒክ ሲስተም ነበር። ክሊኒኩ መቀበያ አለው፣ ላቦራቶሪ አለው፣ መድኃኒት ቤት አለው፤ ከዚህ ሁሉ ሌላ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደው የሚያዩ ነርሶች አሉት። ድሮ የሠራላቸው ሰው ለያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ፎርም ሠርቶ ስለነበር፣ አንዱ ታካሚ አራት ቦታ ይመዘገባል። መቀበያ ላይ በሐመሩ «ሐ» የተጻፈ ስም ላቦራቶሪ ሲደርስ በሃሌታው «ሀ» ይጻፋል፤ መድኃኒት ቤት ላይ ጭራሽ የአባት ስሙ ይቀራል። ከዚያ የአንዱ ውጤት ከሌላው ጋር ይምታታል።

ረይሀና አንድ ሐሳብ አመጣች። «ለምን አንድ ፎርም ብቻ አንሠራም?» አለችው ፊልሞንን በስልክ። «አንዱን በደንብ እንሠራውና ያንኑ በየክፍሉ እንክፈተው። መቀበያው ሁሉንም ጥያቄ ያያል፤ ላቦራቶሪው የሚያስፈልገውን ብቻ፤ ነርሶቹም የሚያስፈልጋቸውን ብቻ። የማያስፈልገው ይደበቃል እንጂ ፎርሙ አንድ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ልክ እንደ አባትሽ ነሽ» አለ ፊልሞን እየሳቀ። «አንድ ኮት ሰፍተሽ ሰፈሩን ሁሉ ልታለብሺበት! ይመችሽ፣ ሥሪው።»

ሠራችው። ደስም አላት። አንድ ቦታ ያስተካከለችው ነገር በሁሉም ክፍል ተስተካክሎ ሲገኝ፣ ብቻዋን በተቀመጠችበት ቢሮ ፈገግ ትል ነበር። የቀረው የቤት ለቤት ነርሶቹ ገጽ ብቻ ሆነ። ነርሶቹ ዝናብ ላይ ቆመው በስልክ ስለሚሞሉ «አሳጥሩልን» ብለው ነበር፤ ስለዚህ «የቅርብ ሰው ስልክ» የሚለውን ሳጥን ከነሱ ገጽ ደበቀችው። ነገር ግን ይህ ሳጥን መቀበያው ላይ የግድ መሞላት ያለበት ነው። ፎርሙ ደግሞ አንድ ነው፤ ሳጥኑን ብትደብቀውም መጠየቁን አልተወም። «መዝግብ» ስትለው «የቅርብ ሰው ስልክ አልተሞላም» እያለ እምቢ አላት።

ሙከራው እንዳይቆምባት ለጊዜው አንድ ቁጥር አስቀመጠችበት። ባዶ ሆኖ ከመጣ ይህን ውሰድ ብላ። ጣቷ ቶሎ የመጣላትን ቁጥር ጻፈ፤ የራሷን ስልክ። በኋላ እመለስበታለሁ አለች። ወዲያው ፊልሞን ደውሎ «የክሊኒኩ ሰዎች ዛሬውኑ ማየት ይፈልጋሉ፣ ያለውን ላኪው» አላት። ላከችው። ክሊኒኩም ወደደው። ቁጥሩ እዚያው ቀረ፤ እሷም ረሳችው።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ማኪያቶ እየጠጣች ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የአቶ ካሳዬ ቤተሰብ ነዎት?» አለች አንዲት ሴት። «ትህትና እባላለሁ፣ አባትን የማያቸው ነርስ ነኝ። ደም ግፊታቸው ወርዷል ልልዎት ነው። እንዳይጨነቁ።»

«ተሳስተሻል እህቴ፣ አቶ ካሳዬ የሚባል አላውቅም» አለች ረይሀና።

«ውይ፣ ይቅርታ» አለችና ዘጋችው።

ረይሀና ስልኩን ወዲያው አላስቀመጠችውም። በዚያ ሳምንት ከሥራ ውጭ የደወለላት ሰው ይህች ነርስ ብቻ ነበረች። «እንዳይጨነቁ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን ቃል የነገራት አልነበረም፤ የምትጨነቅለት ሰው ስለሌላት።

ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ነርስ ስለ ወይዘሮ ለተክርስቶስ ጠየቀቻት። ያንንም «ተሳስተሻል» ብላ መለሰች። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረባት። በኋላ ራሷን ስትወቅስ የኖረችው በዚህ ነው። ግን ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ፎርሙ ሳይሆን ስለ ወይዘሮ ለተክርስቶስ ነበር፤ ምን ዓይነት ሴት ትሆን፣ እግሯን ነው የሚያማት ወይስ ዓይኗን፣ ጧት ማን ሻይ ያፈላላታል እያለች ወደ ቤቷ ወጣች።

ሦስተኛው ጥሪ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየገረፈ ሳለ መጣ። ያችው ትህትና ናት።

«የወይዘሮ አባይነሽ ቤተሰብ ነዎት? እባክዎ ቁልፍ ካለዎት ይምጡ፤ በራቸውን ባንኳኳ ባንኳኳ አይከፍቱም። ራዲዮናቸው ይሰማል፤ እሳቸው ግን አይመልሱም።»

«ስልኬን ከየት አገኘሽው?» አለች ረይሀና።

«ከሲስተሙ ነዋ። የቅርብ ሰው የሚለው ላይ የእርስዎ ነው ያለው። ሌላ ቁጥር የለም።»

 ረይሀና ያ የደበቀችው ሳጥን ድቅን አለባት። «የት ነው ቤቱ?» አለች።

«ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከታች በኩል።»

ጃንጥላም አልያዘች። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው። ድልድዩ ጋ ሸራ አልብሰው የተጠለሉትን ነጋዴዎች እየገፋች አለፈችና ወደ ታች ታጠፈች። አካባቢው ፈርሶ ከቆርቆሮ አጥር ኋላ ሁለት ሦስት ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ነጭ ጋውኗ ጭቃ ነክቶት በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሌላ በር የለውም?»

«የለውም። ጎረቤት እንኳ ቢኖር! ሁሉም ተነሥቷል።»

ረይሀና በሩን በመዳፏ ደበደበችው። «እማማ! እማማ አባይነሽ!»

«ቲቸር በያቸው» አለች ትህትና። «አስተማሪ ነበሩ፤ እማማ ሲሏቸው አይወዱም።»

«ቲቸር! ቲቸር ይሰሙኛል?»

ከውስጥ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ተሰማ። ከወዲያ ማዶ ግንባታ የሚጠብቅ ሰውዬ ፌሮ ይዞ መጣና መቀርቀሪያውን ፈለቀቀው። አሮጊቷ ከአልጋቸው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል፤ አንድ እጃቸው ከሥራቸው ታጥፏል። ትህትና ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ለካች፤ በጣም ወርዷል። ስኳር በውሃ በጥብጣ በማንኪያ ስትሰጣቸው ረይሀና አንገታቸውን ደግፋ ያዘች። ፀጉራቸው አጭር ተቆርጧል፤ ነጭ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው። «ማነሽ አንቺ?» አሉ፤ ክፍል ውስጥ ሳያስፈቅድ የገባን ተማሪ እንደሚጠይቁ።



ክሊኒክ ሲደርሱ የእጃቸው አንጓ መሰበሩ ታወቀ። ትህትና ወረቀት ይዛ መጣችና «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ ቤተሰብ በሚለው» አለች።

«ቤተሰብ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«ፎርሙን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ረይሀና። እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሁሉንም ነገረቻት። የእናንተን ገጽ ለማሳጠር ሳጥኑን ደበቅሁት፣ ለሙከራ የራሴን ቁጥር አስቀመጥሁ፣ ረሳሁት፤ እናንተ የመዘገባችኋቸው ሰዎች ሁሉ የቅርብ ሰው ተብሎ የተጻፈላቸው እኔ ነኝ።

 «ሁሉም?» አለች ትህትና።

«ሁሉም።»

«ጌታ ሆይ!» አለችና ግድግዳው ላይ ተደገፈች። «ብዙ ቤተሰብ አለሽ ማለት ነዋ!» ቀልድ ነበር። ሁለቱም ግን አልሳቁም።

ለፊልሞን በዚያው ቀን ነገረችው። በስልክ ሳያቋርጣት ሰማ፤ ለሱ መቼም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ «አንዷን መስመር አጥፊያት፣ በቃ፤ አለቀ» አላት።

«መስመሯንማ አጠፋኋት። ሰዎቹስ? ከማኅደራቸው የኔን ቁጥር ስሰርዝ ባዶ ነው የሚቀረው። አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን ይደወላል? አንድ በአንድ መጠየቅ አለባቸው።»

«ክሊኒኩ ይጠይቃቸዋ።»

«ያበላሸሁት እኔ፣ የሚደክመው ክሊኒኩ?»

ፊልሞን ተነፈሰ። «እሺ፤ ለክሊኒኩ እኔ እናገራለሁ፤ ስድቡንም እኔው እጠጣዋለሁ። አንቺ ስልኩን ያዢ።»

ክሊኒኩ ተቆጣ፤ ግን ፈቀደ። ረይሀና የነርሶቹን ገጽ እንደገና ሠራችና ሳጥኑን አወጣችው፤ ከዚያ መደወል ጀመረች። «ከክሊኒኩ ነው፣ የቅርብ ሰው ስልክ ለመመዝገብ ነው፤ አንድ ነገር ቢያስፈልግዎ ለማን እንደውል?» ትላለች። ይህን ጥያቄ በሠራችው ፎርም ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፈችው አታውቅም፤ በአፏ ስትጠይቀው ግን ከበደ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ የልጆቻቸውን ቁጥር ከታላቅ እስከ ታናሽ ዘረዘሩላትና «የትኛው ይሻላል?» ብለው መልሰው እሷኑ አማከሯት። አንዲት ሴትዮ የቤት ሠራተኛቸውን ስም ሰጡ። አቶ ካሳዬ ደግሞ ብዙ ካሰቡ በኋላ «አብዱልሰላም በይው» አሉ። «ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን፤ አርባ ዓመት። ገላን ወሰዱት።»

«ስልካቸውን ይንገሩኛል?»

«ስልኩንማ በምን አውቄ? ግድግዳውን ነበር የምመታለት። ስሙን ብቻ ጻፊው።»

የስልኩ ሳጥን ስም አይቀበልም፤ እሷው ናት እንዳይቀበል ያደረገችው። በማስታወሻው ቦታ ላይ «አብዱልሰላም፣ ገላን» ብላ ጻፈችና አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር እያየች ቆየች። እንዲህ እየሆነች ቀስ በቀስ ጨረሰቻቸው።

ቲቸር አባይነሽን ግን በስልክ መጠየቅ አልሆነላትም። ቅዳሜ ቀን ሄደች። እጃቸው በጄሶ ታስሮ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ማለትም ስህተት ነሽ» አሉ ስትጨርስ።

«አዎ ቲቸር።»

«ጥሩ። ስህተቱን ያወቀ ተቀመጥ ይባላል። ተቀመጪ።»

ቲቸር አባይነሽ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ባላቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ይዘዋቸው መጡ። ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ ወጡ። ባላቸው ሲሞቱ የቀራቸው አንድ ልጅ ሚናስ ነው፤ እሱም እንደ አገሩ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ ሱቅ ከፈተ።

«ለማን እንደውልልዎ?» አለች ረይሀና።

«ለልጄ ነዋ» አሉና ረጅሙን የውጭ አገር ቁጥር ሳይደናቀፉ በቃላቸው አነበነቡት። ረይሀና ሞልታ ከጨረሰች በኋላ ልክ መሆኑን ልታረጋግጥ እዚያው ደወለች። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንዳልሆነ ተናገረች። ድምፁ በጸጥታው ክፍል ውስጥ ጎልቶ ተሰማ።

«ይሄኔ ሱቅ ውስጥ ነው» አሉ ቲቸር ወደ መስኮቱ ዞር ብለው። «ሥራ ላይ አያነሣም።»

«ሌላ ሰው ካለ እሱንም እንጨምር፤ እዚህ ቅርብ ያለ።»

«ልጅ እያለኝ ሌላ ሰው ላስመዝግብ? ሞቷል ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ አላልኩም፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው መዝግቢው።»

የኔንም ቁጥር ልጨምርበት ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ማን ነሽና ቢሏት ምን ትላለች? የሚናስን ብቻ መዘገበች።

ያም ሆኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደች። ምክንያቷ የበሩ መቀርቀሪያ መሠራቱን ማየት ነበር። በሌላኛው ቅዳሜ ብርቱካን ገዝታ ሄደች። ከዚያ ምክንያት መፈለጉን ተወችው። ቲቸር ደስ ብሏቸው እንኳ ደስ አለኝ የሚሉ ሴት አይደሉም። «ዘግየት አልሽ» ይሏታል በሩን ሲከፍቱ፤ በቃ። የሒሳብ ጥያቄ ሰጥተው ስትሳሳት ምላሳቸውን «ጥ» ያሰኛሉ። በአንድ እጃቸው ሽሮ ሲሠሩ እንድታግዛቸው አይፈቅዱም፤ ሽንኩርት ብቻ ያስከትፏታል። ከመብላታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት ይጸልያሉ፤ ረይሀናም መዳፏን ዘርግታ በልቧ የራሷን ትላለች። አንድ ቀን በጸሎታቸው መሐል «እናቷን ያጣችውን ይህችን ልጅ አስባት፤ ብቻዋን እንደሆነች አንተ ታውቃለህ» ሲሉ ሰማች። ስለ እናቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የነገረቻቸው። ሽሮው እንዳቃጠላት አስመስላ ዓይኗን ጠረገች።

ወደ ኅዳር ገደማ የዑዘይር ታላቅ ልጅ ልታገባ ሆነ። ኒካሁ ኮምቦልቻ ነው። «አክስት ሳትኖር ሰርግ አይባልም፣ ነይ» ብሎ ወንድሟ ደወለላት። ሄደች። ቤቱ ሰው በሰው ነበር፤ ሴቶቹ አቅፈው ሲስሟት ዋሉ፤ ግን ልጆቹ ሁሉ አድገው ስማቸው ይምታታባት ነበር፤ ወሬያቸውም ሁሉ እሷ የሌለችበት ወሬ ነው። ሁለት ሳምንት ቆየች። ለቲቸር ሁለት ጊዜ ደውላ አልተነሣላትም፤ ስልኩን ከትራስ ሥር ከትተው ስለሚረሱት ብዙም አላሳሰባት። ዝምድናቸውንም ከትህትና በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷንም በትንሽ ነገር ላስቸግር አላለችም።

እንደተመለሰች ቅዳሜን ሳትጠብቅ ወረደች። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጠባቂውን ብትፈልግ እሱም ተቀይሯል። እዚያው ቆማ ለትህትና ደወለች።

«አልሰማሽም እንዴ?» አለች ትህትና። «እንደገና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ከገቡ ሳምንት አለፋቸው። ለልጃቸው ስንደውል ስንደውል ቁጥሩ አይሠራም። ጠያቂ እንኳ አልነበራቸውም፤ እኔ በመሐል በመሐል ብቅ ስል ነው።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«በምን ቁጥር? ስልኬ ተሰርቆ ያንኑ ቁጥሬን በአዲስ ነው ያወጣሁት፤ የያዝኩት የሰው ቁጥር ሁሉ ጠፍቷል፤ ሲስተሙን ብከፍት ያንቺ የለም። አንቺው ራስሽ አጠፋሽው እኮ፣ ረይሀና።»

እውነቷን ነው። ያለ እንከን ነበር የሠራችው። ስህተቱን ከሥሩ ነቅላዋለች፤ ቁጥሯ በየትኛውም ገጽ ላይ፣ በማንም ስም ሥር የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኩራት የሚሰማት ነገር ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘቻቸው ከስምንት አልጋ መሐል በመጨረሻው ላይ ነው። ከስተው ፊታቸው ትንሽ ሆኗል። በሌሎቹ አልጋዎች ዙሪያ ፔርሙስና የምሳ ዕቃ የያዘ ሰው ተኮልኩሏል። የሳቸው ኮሜዲኖ ላይ አንድ የውሃ ጠርሙስ ብቻ አለ።

«ዘግየት አልሽ» አሉ።

ረይሀና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያልተሰበረውን እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም አልነጠቋትም፤ ይህ ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቢሮውን ዘግታ በየቀኑ ተመላለሰች። አጥሚት አምጥታ አጠጣቻቸው፤ ፀጉራቸውን አበጠረች፤ የጎን አልጋ አስታማሚዎች «ልጅዎ ናት?» ሲሉ ቲቸር መልስ አልሰጡም፤ «አይደለችም» ግን አላሉም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ልኮ ሆሳዕና ያለች የእኅታቸውን ልጅ አገኘ። ስሟ ጸሎት ነው፤ ደርባባና ትሁት ሴት ናት፤ ባሏ መኪና ተከራይቶ አብረው መጡ። «እኛ ሳናውቅ እንዲህ ሆነው!» ብላ አለቀሰች። ረይሀናን «ተባረኪ፣ ተባረኪ» እያለች አቀፈቻት። ቲቸርን ወደ አገራቸው ልትወስዳቸው ነው፤ እዚያ ሰፊ ቤት አለ፣ ልጆች አሉ፣ ዘመድ አለ። ይህ መልካም ነገር እንደሆነ ረይሀናም ታውቃለች። ልብሳቸውን በሻንጣ የከተተችው እሷ ናት።

ሊወጡ ሲሉ ቲቸር ሌሎቹ ዞር እንዲሉላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«ያ ቁጥር» አሉ ቀስ ብለው። «የሚናስ። እዚያ መዝገባችሁ ላይ ያለው።»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«አይሠራም ብለሽ እንዳታጠፊው። እዚያው ይቀመጥ።»

«አላጠፋውም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ወላሂ፣ ቲቸር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀመጡበትን ባለጎማ ወንበር እየገፉ ወሰዷቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ትራስ ደግፈው ሲያስቀምጧቸው ሕመሙ በርትቶባቸው ይሆናል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ አልገለጡትም። ረይሀና እጇን እንዳነሣች ቀረች።

ትህትና አብራት ቆማ ነበር። «ነይ ሻይ እንጠጣ እንዳልልሽ ሁለት ሰው ይጠብቀኛል» አለችና ትከሻዋን ነካ አድርጋ በችኮላ ሄደች።

ጸሎት ከሆሳዕና አንድ ሁለት ጊዜ ደውላላታለች። ቲቸር ጆሯቸው በስልክ አይሰማም፤ «ማነሽ?» ይላሉ፤ ረይሀና ስሟን ትጮኻለች፤ ጸሎት ተቀብላ ትደግምላቸዋለች፤ ከዚያ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» ትላለች። እንደዚያ ይበሉ አይበሉ አይታወቅም። ያም ጥሪ እየራቀ ሄደ።

ረይሀና አሁንም ጠዋት ቢሮውን ትከፍታለች። ፊልሞን ያን ፎርም ለሌሎች ደንበኞችም ሸጦታል፤ አንዱ ትምህርት ቤት ነው፣ አንዱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ነው፤ እሷም በየቦታው እያስማማች ትከፍተዋለች። ቅዳሜ ሲሆን ግን እግሯ መግቢያ ያጣል። ባለፈው ቅዳሜ ከቤቷ ወጥታ ወደ ድልድዩ ቁልቁል ጀምራ ነበር፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ሰው ተጨናንቋል፤ ልጆች ፎቶ ይነሣሉ፣ ጥንዶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከኋላዋ የመጣ ሰው «እህት፣ ትሄጃለሽ ትቆሚያለሽ?» አላት። መንገዱን ለቀቀችለት። ትንሽ ቆይታ ወደ ላይ፣ ወደ ፒያሳ ዞረች፤ ለእራቷ ዳቦ መግዛት ነበረባት።